ከ3 ወር እስከ 6 ወር፦ ከሕፃን ልጁ ጋር ቤት ለሚውል አባት

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አንዲት ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ ደግሞ 90 ተከታታይ ቀናት ከነደመወዟ ታርፋለች። አባት 3 ተከታታይ ቀናት ይሰጠዋል። የጤና ባለሙያዎች የሚሰጡት ምክር ግን ሌላ ቁጥር አለው፤ ሕፃን እስከ 6 ወር ድረስ ከእናት ጡት ወተት በቀር ምንም፣ ውኃም ቢሆን፣ አያስፈልገውም። ሁለቱ ቁጥሮች አይገጥሙም። እናት ሥራ የምትገባው ልጁ 3 ወር ሲሆነው ነው፤ ጡት ብቻ የሚያገኝበት ጊዜ ግን ገና እኩሌታው ላይ ነው።

አብዛኛው የከተማ ቤተሰብ ይህን ክፍተት አያትን ከክፍለ ሀገር በማስመጣት ወይም ሞግዚት በመቅጠር ሲሸፍነው ኖሯል። አሁን አሁን ሌላ መላ የመቱ ባልና ሚስቶችም አሉ፤ አባት ቤት ይውላል። አንዱ ሥራውን በኮምፒውተር ከቤቱ ሆኖ የሚሠራ ነው። ሌላው በማታ ፈረቃ የሚገባ ነው። የሚስቱ ደመወዝ ከእሱ ስለሚበልጥ ተማክረው እሱ እንዲቀር የወሰኑም አይጠፉም። አሜሪካ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ዘንድማ ነገሩ የቆየ ነው። የሕፃናት ማቆያ ክፍያ ስለሚከብድ፣ እናት ቀን ሠርታ ስትገባ አባት ማታ ታክሲውን ይዞ ይወጣል፤ ቀኑን ልጅ የሚይዘው እሱ ነው።

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ለእነዚህ አባቶች ነው። ሕፃን መያዝ ማንም ሰው፣ እናትም ጭምር፣ እየሠራ የሚለምደው ሙያ ነው። ገላም ከሥራው ጋር አብሮ ይለወጣል። በፊሊፒንስ ሴቡ አካባቢ ከ600 በላይ ወጣት ወንዶችን ለዓመታት የተከታተለ አንድ ጥናት በ2011 እ.ኤ.አ. ታትሞ ነበር። አባት የሆኑት ወንዶች የቴስቶስትሮን መጠናቸው ጎላ ብሎ ቀንሶ ተገኘ፤ በቀን 3 ሰዓትና ከዚያ በላይ ልጃቸውን በሚንከባከቡት ላይ ደግሞ ይበልጥ ዝቅ ያለ ነበር። የወንድ ሰውነት ለልጅ እንክብካቤ የራሱን ምላሽ ይሰጣል ማለት ነው። ቀሪው ልምምድ ነው።

1. ልምምዱን እናት ሥራ ከመግባቷ 3 ሳምንት በፊት ይጀምሩ

ርክክቡን በአንድ ሰኞ ጠዋት ለማድረግ አያስቡ። እናት ቦርሳዋን አንስታ ስትወጣ አባት ጡጦ ይዞ የመጀመሪያ ሙከራውን የሚያደርግ ከሆነ ቀኑ ለሦስቱም ይከብዳል።

መጀመሪያ አንድ ሰዓት ብቻ ይሁን። እናት ገበያ ትሂድ፣ እርስዎ ከልጁ ጋር ይቅሩ። ቀጥሎ ግማሽ ቀን፤ በመጨረሻው ሳምንት ሙሉ ቀን። በእነዚያ ሰዓቶች እየደወሉ «አሁን ምን ላድርግ?» ከማለት ይቆጠቡ። እናትም እያንዳንዱን ነገር ማረሙን ትተወው። ዳይፐሩ የታሰረበት መንገድ ከእሷ ቢለይም፣ ካላፈሰሰና ቆዳውን ካልጨመቀው ደኅና ታስሯል።

ጡጦ ወይም ኩባያ የማስለመዱን ሥራ እርስዎ ይውሰዱት። ብዙ ሕፃናት የእናታቸው ጠረን አጠገባቸው እያለ ሌላ ነገር አይቀበሉም፤ እሷ ከክፍሉ ስትወጣ ግን ከአባት እጅ ይወስዳሉ። ሆዱ ክፉኛ ሳይራብ፣ ፊቱ ፈገግ ባለበት ሰዓት ይሞክሩ። እምቢ ካለ አያስገድዱት፣ ነገ ይድገሙት።

ጡጦ በየጊዜው አጥቦ መቀቀል በማይመችበት ቤት ትንሽ ኩባያ ይሻላል፤ ለማጽዳት ይቀላል። ሕፃኑን ቀና አድርገው ጭንዎ ላይ ያስቀምጡት። የኩባያውን ጠርዝ በታችኛው ከንፈሩ ላይ ያሳርፉና ወተቱ ከንፈሩን እስኪነካ ድረስ ብቻ ያዘንብሉት። እሱ ራሱ በምላሱ እየሳበ ይጠጣዋል። አፉ ውስጥ ማንቆርቆር ግን ሊያንቀው ስለሚችል ፈጽሞ አይደረግም።

ተቀጣሪ ከሆኑ የዓመት ፈቃድዎን ለዚህ ጊዜ ያቆዩት። አዋጁ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት ይፈቅዳል፤ አገልግሎት በጨመረ ቁጥር ፈቃዱም ይጨምራል። ለአለቃዎ አስቀድመው በጽሑፍ ያሳውቁ።

2. የታለበውን ወተት አያያዝ ይወቁ

ጡት የሚጠባ ከ1 እስከ 6 ወር ያለ ሕፃን በ24 ሰዓት ውስጥ በአማካይ 750 ሚሊ ሊትር ያህል ይጠጣል። ስለዚህ እናት 10 ሰዓት ከቤት የምትርቅ ከሆነ ከ300 እስከ 450 ሚሊ ሊትር ተዘጋጅቶ ሊቆይ ይገባል። እናት ሥራ ቦታ በየ3 ሰዓቱ ገደማ ታልባለች፤ ዛሬ የታለበው ለነገ ይሆናል። ወተቱን ከ60 እስከ 100 ሚሊ ሊትር እየከፋፈሉ ያስቀምጡት። ብዙ አንድ ላይ ከሞቀ የተረፈው ይደፋል፤ እናት በድካም ያጠራቀመችው ነውና ያሳዝናል።

የጊዜ ገደቦቹን በወረቀት ጽፈው ፍሪጁ ላይ ይለጥፉ፦

- እስከ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚደርስ የክፍል ሙቀት፦ እስከ 4 ሰዓት
- ፍሪጅ ውስጥ፦ እስከ 4 ቀን፤ ከበሩ ላይ ሳይሆን ወደ ኋላ ገብቶ
- ፍሪዘር ውስጥ፦ 6 ወር ያህል
- ከፍሪዘር ወጥቶ የቀለጠ፦ ፍሪጅ ውስጥ 24 ሰዓት፤ ዳግመኛ ወደ ፍሪዘር አይመለስም
- ሕፃኑ ጀምሮ የተወው፦ 2 ሰዓት፣ ከዚያ ይደፋል

በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ የታለበበትን ቀንና ሰዓት በፕላስተር ይለጥፉ። ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይወጣል።

መብራት ሲጠፋ ሰዓቱን ይያዙና ፍሪጁን አይክፈቱት። በሩ ሳይከፈት ከቆየ ፍሪጅ ለ4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል፤ የሞላ ፍሪዘር እስከ 48 ሰዓት፣ ግማሹ የሞላ ደግሞ እስከ 24 ሰዓት ይቆያል። መብራት ብዙ ጊዜ የሚሄድበት ሰፈር ከሆነ፣ ውኃ የተሞሉ የፕላስቲክ ጠርሙሶችን ፍሪዘር ውስጥ በረዶ አድርገው ያኑሩ። ችግር ሲመጣ ወተቱን ከበረዶው ጋር በማቀዝቀዣ ሳጥን ካስገቡት አንድ ቀን ይቆይልዎታል።

ለማሞቅ ወተቱ እሳት ላይ አይጣድም፣ ማይክሮዌቭም ውስጥ አይገባም። ማይክሮዌቭ እኩል ስለማያሞቅ፣ ከላይ ለብ ያለ የሚመስለው ወተት መሃሉ አፍ ሊያቃጥል ይችላል። ጎድጎድ ባለ ሳህን ሙቅ ውኃ ይጨምሩና ጡጦውን እዚያ ውስጥ ያቁሙት። ፍሪጅ ውስጥ ያደረ ወተት ቅባቱ ወደ ላይ ተንሳፍፎ ይታያል፤ ተበላሽቷል ብለው እንዳይደፉት። በቀስታ ሲያዞሩት ይዋሃዳል። ከዚያ በክንድዎ ውስጠኛ ጎን ላይ አንድ ጠብታ ያንጠባጥቡ፤ ሙቀቱም ቅዝቃዜውም ካልተሰማዎት ደርሷል።

ሲያጠጡ ሕፃኑን ቀና አድርገው ይያዙ፣ ጡጦውንም ወደ አግድም ያዘንብሉት፤ እንዲህ ሲሆን ወተቱ በኃይል አይወርድበትም። በየጥቂቱ ያሳርፉት። ፊቱን ካዞረ ወይም ከንፈሩን ከገጠመ ጠግቧልና «ትንሽ ቀረችህ» ብለው አይግፉት። ሲጨርስ ትከሻዎ ላይ አድርገው ጀርባውን በቀስታ መታ መታ እያደረጉ ያስገሱት። የጡጦውን ክፍሎች ሁሉ ለያይተው በሳሙናና ለእሱ ብቻ በተለየ ብሩሽ ይጠቡ፤ ከዚያም ለ5 ደቂቃ ይቀቅሉ።

ሐኪም የዱቄት ወተት ካዘዘ፣ ውኃው ፈልቶ ከ30 ደቂቃ በላይ ሳይቆይ፣ ሙቀቱ ከ70 ዲግሪ ሳይወርድ ይበጥበጥ፤ ከዚያ ቀዝቅዞ ይሰጥ። ቆርቆሮው ላይ ከተጻፈው ልኬት አያቅጥኑት። በ2 ሰዓት ውስጥ ያልተጠጣው ይደፋል።

3. ቀኑን ቅርጽ ያስይዙት

የ3 ወር ሕፃን በአብዛኛው ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ነቅቶ ይቆይና መልሶ ይተኛል። አንድ ቀን እንዲህ ሊውል ይችላል፦

- ጠዋት 1፡00 እናት ታጠባለች፤ 1፡30 ትወጣለች
- 2፡30 የመጀመሪያው እንቅልፍ
- 4፡00 ወተት፣ ዳይፐር፣ ጨዋታ
- 5፡30 እንቅልፍ
- 7፡00 ወተት፣ ከዚያ ከቤት ውጭ ሽርሽር
- 8፡30 እንቅልፍ
- 10፡00 ትንሽ ወተት
- 11፡30 እናት ትገባለች፣ ታጠባለች

የ10 ሰዓቱ ወተት እንዲያንስ የተደረገው ሕፃኑ እናቱ ስትደርስ ጡት የሚፈልግ ሆኖ እንዲጠብቃት ነው፤ ይህም ወተቷ እንዳይቀንስ ይረዳል።

ሰዓቱ ለእርስዎ መነሻ ነው እንጂ ሕፃኑ ሰዓት አያይም፤ ስለዚህ ምልክቱን ያንብቡ። የራበው ሕፃን እጁን ወደ አፉ ይወስዳል፣ ከንፈሩን ይመጥጣል፣ ጡት እንደሚፈልግ ሁሉ ራሱን ወደ ጎን ያዞራል። ልቅሶ የሚመጣው እነዚህ ሁሉ ሳይታዩ ሲቀሩ ነው። እንቅልፍ የመጣበት ደግሞ ዓይኑ ይፈዛል፣ ፊቱን ያሻል። አንድ ደብተር ይያዙና ስንት ሰዓት፣ ስንት ሚሊ ሊትር፣ ስንት ዳይፐር እንደሆነ ይመዝግቡ። በ24 ሰዓት ውስጥ 6 እና ከዚያ በላይ የረጠበ ዳይፐር ካለ ወተቱ በቂ ነው።

የሦስቱን እንቅልፎች ጥቅም አስቀድመው ይወስኑ። አንዱን ለልብስና ለዕቃ ማጠቢያ፣ አንዱን ለራስዎ ምሳና እረፍት፣ አንዱን ለሚከፈልዎት ሥራ ያድርጉት። ከቤት የሚሠራ አባት ሕፃኑ ነቅቶ ሳለ ስብሰባ እገባለሁ ካለ ሁለቱም ይበላሹበታል። ለሥራ ባልደረቦችዎ በየትኛው ሰዓት እንደሚገኙ በግልጽ ይንገሯቸው።

4. እንቅልፉን ከአደጋ ይጠብቁ

ሕፃን ሁልጊዜ በጀርባው ይተኛ፤ ቀንም ሌሊትም። ፍራሹ ጠንከር ያለ ይሁን። ትራስ፣ ወፍራም ብርድ ልብስ፣ አሻንጉሊት አጠገቡ አይቀመጥ። ከወላጆቹ ጋር በአንድ ክፍል፣ ግን በራሱ መኝታ ላይ ቢተኛ ይመረጣል። ከሁሉ የሚያሰጋው ሶፋ ላይ ደረትዎ ላይ አስተኝተውት እርስዎም ማሸለብዎ ነው፤ በሶፋው ስንጥቅና በገላዎ መካከል ገብቶ ሊታፈን ይችላል። እንቅልፍ ከተጫጫነዎት አስቀድመው መኝታው ላይ ያኑሩት።

በጨርቅ አጥብቆ መጠቅለልም በዚህ ዕድሜ ያበቃል። ሕፃኑ ለመገልበጥ መሞከር ሲጀምር እጁ ነጻ መሆን አለበት። መገልበጥ የሚጀምረው 4 ወር ገደማ ነው፤ ትናንት ካስቀመጡት ቦታ ያልተነቃነቀው ልጅ ዛሬ ከአልጋ ሊወድቅ ይችላል። ዳይፐር ሲቀይሩ አንድ እጅዎ ከእሱ ላይ አይነሳ፤ ከሁሉም የሚሻለው መሬት ላይ ፍራሽ ወይም ምንጣፍ አንጥፎ መቀየር ነው።

የከሰሉ ነገር ለብቻው መነገር አለበት። በክረምት ለሙቀት፣ ለቡና ወይም ለዕጣን የተቀጣጠለ ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ሽታም ቀለምም የሌለው ጋዝ ያወጣል። ሰው ሳይነቃ ይገድላል። የከሰል ምድጃ ሕፃን ወደተኛበት ክፍል አይግባ። ብርድ ካሳሰብዎት አንድ ልብስ ይደርቡለት።

5. ሲያለቅስ በቅደም ተከተል ይሂዱ

መጀመሪያ ረሃብ፣ ቀጥሎ ዳይፐር፣ ከዚያ ያልወጣ ግሳት፣ ከዚያ ሙቀትና ብርድ፣ ከዚያ እንቅልፍ። ሙቀቱን በእጁና በእግሩ አይለኩ፤ እነሱ ብዙ ጊዜ ይቀዘቅዛሉ። ማጅራቱን ይዳስሱ፤ ካላበው ልብስ በዝቶበታል። ጣቶቹንም ይመልከቱ። ከልብስ ወይም ከካልሲ የወጣ ክር ወይም ፀጉር ጣት ላይ ተጠምጥሞ ሊያሳምመው ይችላል።

ሁሉም ታይቶ ካላቆመ ይዘሉት። የሕፃኑ አንገት ከጸና በኋላ በነጠላ ወይም በአንቀልባ ማዘል የአባትንም እጅ ነጻ ያወጣል። ሲያዝሉት ፊቱ በጨርቅ እንዳይሸፈን፣ አገጩ ደረቱ ላይ እንዳይጣበቅ፣ ጭኖቹም ተከፍተው ጀርባዎን እንዲያቅፉ ያድርጉ። በዝግታ እየተራመዱ «እሹሩሩ» ይበሉት። የአባት ወፍራም ድምፅ በጀርባ በኩል ስለሚሰማቸው ብዙ ሕፃናት በዚያ ይረጋጋሉ።

ልቅሶው አልቆም ብሎ ንዴት ሲመጣብዎት ሕፃኑን መኝታው ላይ በጀርባው አስተኝተው ከክፍሉ ይውጡ። ለጥቂት ደቂቃ አየር ይውሰዱ፣ ፊትዎን ይታጠቡ፣ ለአንድ ሰው ይደውሉ። ለጥቂት ደቂቃ ብቻውን ማልቀሱ አይጎዳውም። መነቅነቅ ግን ለጥቂት ሴኮንድ ቢሆን እንኳ አንጎሉ ውስጥ ደም ሊያፈስ፣ ዓይነ ስውር ሊያደርገው፣ ሊገድለውም ይችላል። ልጅ የሚይዝ ሰው ሁሉ ይህን ማወቅ አለበት።

6. ገላና ዳይፐር

ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የሕፃኑን ውኃ ለብቻው በጀሪካን ያስቀምጡ። ከማጠብዎ በፊት ፎጣ፣ ንጹህ ልብስና ዳይፐር በእጅ በሚደረስበት ቦታ ይሰናዱ፤ አንዴ ሳፋው ውስጥ ካስገቡት ለምንም ነገር ትተውት አይነሱም፣ ስልክም ቢጮህ። ቀዝቃዛው ውኃ መጀመሪያ ይግባ፣ ሙቁ በኋላ ይጨመር፤ በክርንዎ ይለኩት። በሳምንት 3 ጊዜ ገላውን ቢታጠብ ይበቃዋል። በአንገቱ፣ በብብቱና በብሽሽቱ እጥፋት ውስጥ ወተትና ላብ ስለሚጠራቀም እዚያ ላይ ጊዜ ይውሰዱ፣ በደንብም ያድርቁት።

መቀመጫው ከቀላ ዳይፐሩን ቶሎ ቶሎ ይቀይሩ፤ በውኃ አጥበው፣ አድርቀው፣ ለጥቂት ጊዜ ያለ ዳይፐር አየር ያስመቱት። ዚንክ ኦክሳይድ ያለው ቅባት ከመድኃኒት ቤት ይገኛል። ሴት ልጅ ስትጠረግ ሁልጊዜ ከፊት ወደ ኋላ ነው።

7. ነቅቶ ሳለ አብረው ይጫወቱ

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ ገና መንቀሳቀስ ያልጀመረ ሕፃን ነቅቶ ሳለ በቀን ቢያንስ 30 ደቂቃ በሆዱ እንዲተኛ ይመክራል፤ በአንድ ጊዜ ሳይሆን ቀኑን ሙሉ ተከፋፍሎ። አንገቱና ትከሻው የሚጠነክረው በዚህ ነው። ምንጣፍ አንጥፈው ፊት ለፊቱ በሆድዎ ይተኙ፤ የእርስዎን ፊት ለማየት ሲል ራሱን ያነሳል። መጀመሪያ ላይ 2 ደቂቃም ይበዛበት ይሆናል፤ በሳምንታት ውስጥ ክንዶቹን ተደግፎ ደረቱን ሲያነሳ ያዩታል።

ያው መመሪያ ከ1 ዓመት በታች ለሆኑ ሕፃናት ምንም ዓይነት ስክሪን አይመክርም። ቴሌቪዥኑ ቀኑን ሙሉ ተከፍቶ የሚውልበት ቤት ከሆነ ይዘጋ። በምትኩ የሚሠሩትን ይንገሩት፤ «አሁን ሽንኩርት እየላጥኩ ነው፣ አሁን ደግሞ ልብስህን ላስጣ ነው»። ድምፅ ሲያወጣ ዝም ብለው ይስሙት፣ ሲጨርስ ይመልሱለት።

የጠዋት ፀሐይ ማሞቅ በእኛ አገር የቆየ ልማድ ነው። ለስለስ ባለው ጠዋት ለጥቂት ደቂቃ ይበቃል፤ ዓይኑ ይከለል፣ ገላው ቅቤ አይቀባ። መስኮት ዘግቶ በመስታወት በኩል ማሞቅ ግን ለቫይታሚን ዲ አይጠቅምም፤ መስታወት አስፈላጊውን ጨረር ያግዳል።

8. የዘመድና የጎረቤትን ምክር በአክብሮት ይለዩ

ቤት የሚውል አባት ብዙ መካሪ ያገኛል። ሆዱን ቆረጠው ሲባል አብሽ፣ አንጀቱ እንዲለሰልስ ሲባል ቅቤ፣ ጠማው ሲባል ውኃ ይታዘዛል። ከ6 ወር በፊት አንዳቸውም አይሰጡም፤ ሆዱን ይሞላሉ፣ ወተቱን ይቀንሳሉ፣ ተቅማጥ ያመጣሉ።

ከዚህ የሚከፋው ግግ ማስወጣትና እንጥል ማስቆረጥ ነው። ሕፃኑ ሲያተኩሰው ወይም ሲያስቀምጠው «ግግ ነው» ተብሎ ያልበቀለ ጥርስ ከድዱ ይፈለፈላል። ደም መፍሰስ፣ የደም መመረዝና በስለት የሚተላለፉ በሽታዎች የሚመጡት ከዚህ ነው፤ በዚህ የሞቱ ሕፃናት አሉ። ትኩሳትና ተቅማጥ ሐኪም የሚያያቸው በሽታዎች ናቸው።

መልስዎ አጭርና ጨዋ ይሁን፤ «እማማ፣ ሐኪም እስከ 6 ወር ምንም እንዳይቀምስ ብሎናል» ማለት ይበቃል። ክርክር አያስፈልገውም። እኒያው እናት ግን የሚችሉት ብዙ አለ። ምሳዎን እስኪበሉ ይያዙልዎ፣ ቡና ሲፈላ ይጥሩዎ። ቡናው ላይ ሕፃኑን ከጀበናውና ከረከቦቱ ራቅ አድርገው ይቀመጡ፤ እሱን ታቅፈው ትኩስ ነገር አይጠጡ።

9. ክትባቱ በእርስዎ ተራ ይወድቃል

ክትባት በተወለደ ዕለት ይጀመርና በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ይቀጥላል፤ ከዚያ የ9 እና የ15 ወር የኩፍኝ ክትባት አለ። 14 ሳምንት ማለት 98 ቀን ነው፤ የእናት ፈቃድ በ90 ቀን ካለቀ ይህ ቀጠሮ አባት ቤት በዋለ በሁለተኛው ሳምንት ይመጣል ማለት ነው። በዚያ ቀን የፔንታቫለንት ሦስተኛው ዙር ይሰጣል፤ ከዲፍቴሪያ፣ ከትክትክ፣ ከመንጋጋ ቆልፍ፣ ከሄፓታይተስ ቢ እና ሂብ ከሚባለው ባክቴሪያ የሚከላከል ነው። የሳንባ ምችና የፖሊዮ ክትባትም አብሮ አለ። በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነጻ ይሰጣል። ካርዱን አይርሱ፤ ክብደቱም ይመዘን። ሲመለስ መጠነኛ ትኩሳት ቢኖረው፣ የተወጋበት ቦታ ቢያብጥ የተለመደ ነው፤ ቦታው ላይ ምንም ነገር አይቀቡ።

የሚከተሉት ሲታዩ ማታም ቢሆን ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ፦

- መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ
- ካንቀጠቀጠው፣ ወይም ከደነዘዘና ለመንቃት ካስቸገረ
- በደቂቃ 50 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ወይም ሲተነፍስ ከጎድኑ በታች ወደ ውስጥ ከገባ
- ከክትባት በኋላ ከሚታየው መጠነኛ ትኩሳት በቀር፣ በብብቱ የተለካው ሙቀት 37.5 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ
- ተቅማጡ ደም ካለው፣ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ሽንቱ ካነሰ

ትንፋሹን የሚቆጥሩት ሳያለቅስ፣ ቀሚሱን ገልጠው፣ የሆዱን መነሳት እያዩ ለአንድ ሙሉ ደቂቃ ነው። ዛሬ ጤነኛ ሳለ አንዴ ቢቆጥሩት በሕመም ቀን እጅዎ አይንቀጠቀጥም። በአዲስ አበባ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ ስልክዎ ላይ ይመዝግቡት።

10. ራስዎንም ይጠብቁ

በ2010 እ.ኤ.አ. በርካታ ጥናቶችን አንድ ላይ አሰባስቦ የመረመረ ሥራ፣ ከ10 አባቶች አንዱ ገደማ ከእርግዝናው ጀምሮ ልጁ 1 ዓመት እስኪሞላው ባለው ጊዜ በድባቴ እንደሚጠቃ አሳይቷል። ቁጥሩ ከፍ ብሎ የተገኘው ልጁ ከ3 እስከ 6 ወር ባለበት ጊዜ ነው፤ ልክ ይህ መመሪያ በሚያወራበት ወቅት። ወንድ ላይ ድባቴ ሁልጊዜ በእንባ አይታይም። ቶሎ መቆጣት፣ ሕፃኑ ተኝቶም እንቅልፍ ማጣት፣ መጠጥ ማብዛት፣ ከቤት መሸሽ መልኮቹ ናቸው። ሁለት ሳምንት ከዘለቀ ለሐኪም ይነገር፤ በአዲስ አበባ የአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልን ጨምሮ ብዙ ሆስፒታሎች አገልግሎቱን ይሰጣሉ። ባለቤትዎም ላይ ተመሳሳይ ምልክት ካዩ ዝም አይበሉ።

በየቀኑ ከቤት ይውጡ፣ ሱቅ ድረስም ቢሆን ልጁን ይዘው። ምሳ ቆመው አይብሉ። «ሥራ ፈታህ?» ለሚል ጓደኛ «ልጅ ይዣለሁ» ይበሉት። በሳምንት አንድ ቀን ከጓደኞችዎ ጋር የሚገናኙበት ሰዓት ከባለቤትዎ ጋር ተስማምተው ይያዙ።

11. የማታውን ርክክብና ስድስተኛውን ወር ያዘጋጁ

እናት ስትገባ መጀመሪያ እጇን ትታጠብ፣ ትቀመጥ፣ ታጥባ። ወሬው ከዚያ በኋላ ይሁን። ደብተሩን ያሳይዋትና መቼ እንደጠጣ፣ ስንት ሰዓት እንደተኛ ይንገሯት፤ ሳይጻፍ የቀረውንም፣ ዛሬ ጮክ ብሎ እንደሳቀ፣ እግሩን ይዞ እንደተጫወተ ያካፍሏት። እሷ ቀኑን ሙሉ ስታስበው የዋለችው ይህን ነው። ከዚያ ለግማሽ ሰዓት እርስዎ ይውጡ። ሌሊቱንም ተከፋፈሉት፤ እሷ ስታጠባ ዳይፐር መቀየርና መልሶ ማስተኛት የእርስዎ ይሁን።

6 ወር ሲሞላው ጡቱ ሳይቋረጥ ምግብ ይጀመራል። በመጀመሪያ በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ 2 ወይም 3 ማንኪያ ይበቃል። ገንፎው ማንኪያ ላይ የሚቆም ያህል ይወፍር፤ ቀጥኖ የሚፈስ ከሆነ ሆድ ይሞላል እንጂ አይመግብም። የተፈጨ ካሮት፣ ድንች፣ አቮካዶ፣ በደንብ የበሰለ እንቁላል ቀስ በቀስ ይጨመራል። ጨው አይጨመርም። ማር 1 ዓመት እስኪሞላው ድረስ አይቀምስም፤ ለሕፃን አደገኛ የሆነ መርዝ የሚያመነጭ ባክቴሪያ ሊኖርበት ይችላል።

በዚህ ጊዜ ወደ ሥራ የሚመለሱ ከሆነ፣ ሞግዚት ተቀጥራም ይሁን በመሥሪያ ቤት የሕፃናት ማቆያ ተገኝቶ፣ ቢያንስ አንድ ሳምንት አብረው ይዋሉ። ደብተሩን ያስረክቡ። እንዴት እንደሚያንቀላፋ፣ ሲራብ ምን እንደሚያደርግ፣ የትኛው ዘፈን እንደሚያረጋጋው አጠገቧ ቆመው ያሳይዋት። ከሰሉን፣ መነቅነቁን፣ ግግና እንጥሉን በግልጽ ይንገሯት፤ ስልክዎንና 907ን ግድግዳ ላይ ጽፈው ይለጥፉላት። በመጀመሪያው ቀን አንድ ሰዓት ብቻ ይውጡ፣ በሁለተኛው ግማሽ ቀን።